ባንዱ የማን ነው?

ለጉዳይ ካልሆነ በቀር ቆላ የምወርድ ሰው አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን፣ መንገዱ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ፣ አንድ የሰሊጥ ሽያጭ ክርክር ይዤ ከጎንደር በአዘዞና በአይከል አድርጌ ሸሕዲ ወረድኩ። ወቅቱ ኅዳር ነበር። መተማንና ቋራን የሚያውቅ ሰው ኅዳር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሰሊጡ ታጭዶ የሚወቃበት፣ ከደጋ የወረደው ሳሉግ የድካሙን ዋጋ በኪሱ ይዞ ከተማ የሚገባበት፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩና ደላላው በአንድ ግቢ የሚያመሹበት ወር ነው።

ባደርኩበት ሆቴል ግቢ ማታ ማታ ሙዚቃ ነበር። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ቤዝ ጊታር፣ አንድ ማሲንቆና አንድ ድምፃዊ። ልጆቹ ከሃያ አምስት ዓመት የሚያልፉ አይመስሉም። አንድ የጎንደር ዘፈን ይጫወቱና ወዲያው ወደ ሱዳን ዘፈን ይሻገራሉ። የእኛም የእነሱም ሙዚቃ በአብዛኛው ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ መሻገሪያው ላይ ጉምሩክ የለም። ከገላባት በኩል የመጡት ነጋዴዎችና የእኛዎቹ ሾፌሮች በአንድ ዜማ ሲነሱ አይቼ ተገርሜያለሁ።

ጨዋታው ሲያበቃ፣ ‹‹ሕግ አዋቂ መጥቷል›› የሚል ወሬ ደርሷቸው ነው መሰለኝ፣ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ኪቦርድ ተጫዋቹ፣ ‹‹ጋሼ፣ አንድ ነገር እንጠይቅዎት?›› አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አራቱ ተሰባስበው ባንድ መሠረቱ። ስሙንም ራሳቸው አወጡለት፣ በሸራ ላይም አጻፉት። መሣሪያውን የገዛው ግን ያን ጊዜ ይሠሩበት የነበረው ሌላ ሆቴል ባለቤት ነበር። ቤቱ በእነሱ ስም ታወቀ፣ ገበያውም ደራ። ክፍያ ይጨመርልን ሲሉ ባለቤቱ ሌሎች አራት ልጆች አመጣ። መሣሪያው ያው፣ ሸራው ያው፣ ስሙም ያው። የተቀየሩት ሰዎቹ ብቻ ናቸው። አሁን እነሱ በሌላ ሆቴል፣ በሌላ ስም፣ በሌላ ሰው ኪቦርድ ይጫወታሉ።

‹‹ጋሼ፣ ታዲያ ባንዱ የማን ነው?››

በሙያዬ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። የመሬት፣ የውርስና የአክሲዮን ጥያቄ ተጠይቄያለሁ። ይህን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። የዚያን ማታ የሰጠሁት መልስ ደካማ ነበር። ዛሬ በዚህ አምድ ላይ የምጽፈው ያን መልስ ለማሻሻል ነው። ምክንያቱም የሸሕዲ ልጆች ጥያቄ የዘመናዊ ሙዚቃችን የመቶ ዓመት ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከመንግሥት ወደ ሆቴል

በአገራችን ዘመናዊ ባንድ የተወለደው በመንግሥት ቤት ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን ‹‹አርባ ልጆች›› የተባሉ የአርመን ወላጅ አልባዎች አምጥተው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የናስ ሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች መጡ። የሀገር ፍቅርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤቶችም የየራሳቸውን አደራጁ። ሙዚቀኛው ወታደር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። መለከቱ የመዝገብ ቁጥር ያለው የመንግሥት ንብረት ነው። ተጫዋቹ ሲሰናበት መለከቱን አስረክቦ ይወጣል።

ሸክላ የማሳተሙ ሥልጣንም ቢሆን በአዋጅ ለሀገር ፍቅር የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የጣሰው ይህንን ነው። ከስሱም አገሪቱ ያላትን ከሁሉ የከበረ የሙዚቃ ቅርስ አተረፈልን። በዚያው ሰሞን እንደ ሶል ኤኮስ ያሉ፣ ከማንም ተቋም ደመወዝ የማይቆርጡ የወጣቶች ባንዶች ብቅ አሉ።

ይሁን እንጂ ከመንግሥት ቤት የወጣው ሙዚቀኛ በቀጥታ የገባው ሆቴልና የምሽት ክበብ ውስጥ ነው። ጌታው ተቀየረ እንጂ ግንኙነቱ አልተቀየረም። መሣሪያውን የሚገዛው የክበቡ ባለቤት ነው፣ ተጫዋቹም ወርኃዊ ተከፋይ ነው። የሸሕዲው ልጅ የነገረኝ ታሪክ አዲስ አበባ ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በፊት የታወቀ ታሪክ ነበር።

ዋልያስ የገባው ነገር

ይህንን የሰበረው ዋልያስ ባንድ ነው። አባላቱ ቬነስ በተባለው የአዲስ አበባ ምሽት ክበብ ይጫወቱ የነበሩ ናቸው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በተለያዩ ቃለ ምልልሶች እንደተናገሩት፣ ቁልፉ ውሳኔ የሙዚቃ ሳይሆን የንብረት ነበር። መሣሪያውን ራሳቸው ገዙ። መሣሪያው የራሳቸው ከሆነ በኋላ ወደ ሆቴል የሚገቡት እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ተዋዋይ ነው። ካልተስማሙ ኦርጋናቸውንና ከበሯቸውን ጭነው ይወጣሉ። በዚህ አቋም ከሂልተን ሆቴል ጋር ተዋውለው ለዓመታት ተጫወቱ።

ያ ዘመን ደግሞ ቀላል ዘመን አልነበረም። ደርግ ሰዓት እላፊ ባወጀበት ጊዜ የገባ እንግዳ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል፣ ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር። ዘፈን ሳንሱር ይደረጋል። ዋልያሶች ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ‹‹ቸ በለው›› የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም በካይፋ ሪከርድስ አሳተሙ። ሙላቱ አስታጥቄም ተሳትፎበታል። ግጥም የሌለውን ሙዚቃ ሳንሱር ማድረግ እንዴት እንደሚቻል የሚያውቅ ካድሬ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ አልበም ‹‹ሙዚቃዊ ስልት›› የተባለው ሥራ ዓለምን ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዳክታሪስ የተባሉ የኒውዮርክ ተጫዋቾች ሳይቀሩ ቀድተውታል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ከማህሙድ አህመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከጉዞው በኋላ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። እነ ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሀረጉ ተመለሱ። የተመለሱት በዋልያስ ስም እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አገር ቤት ሲጫወቱ ቆዩ። እዚያ ከቀሩት መካከል ደግሞ ዙላ የተባለ ሌላ ባንድ ተወለደ። እኔን እንደ ሕግ ሰው የሚገርመኝ ይህ ነው። ባንዱ በውቅያኖስ ተከፍሎ ስሙ ግን ፍርድ ቤት አልደረሰም። ስሙ አገሩ ገባ፣ የቀሩት ሌላ ስም አወጡ። ይህ የእነዚያ ሰዎች ጨዋነት ነው። ጨዋነት ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ በውርስ የሚተላለፍ ሰነድ አይደለም።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ቀጣይ ክፍልም ከእኛው ክልል ጋር የተያያዘ ነው። እኚህ ሰው ዋሽንግተን አጠገብ በሚገኘው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዱ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው አውጥተው ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የሠሩትን አንድ ካሴት ብሪያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባህር ዳር ላይ ከሱቅ ገዝቶ፣ ባለቤቱን አፈላልጎ አገኘና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ትርፉን ከባለ ሥራው ጋር እኩል የሚካፈል አሳታሚ ነው። ባህር ዳር ውስጥ ስንቶቻችን በዚያ ሱቅ ደጃፍ አልፈናል? የሸጠውም የገዛውም ሕገወጥ ነገር አልሠራም። ልዩነቱ አንዱ ካሴት ሲያይ ዕቃ ነው የታየው፣ ሌላው መብት።

የማንቸስተር ትምህርት

ዋልያስ ሂልተን በሚጫወትበት ዘመን መጨረሻ ላይ፣ እንግሊዝ አገር ኒው ዌቭ የሚባል የሙዚቃ እንቅስቃሴ ተነስቶ ነበር። ወጣቶቹ ትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎችን ትተው በራሳቸው አነስተኛ አሳታሚ ሸክላ ማውጣት ጀመሩ። ‹‹ነፃ ባንድ›› የሚለው አነጋገር የተስፋፋው ያኔ ነው። ከነዚህ አሳታሚዎች የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ማንቸስተር ላይ የተመሠረተው ፋክተሪ ነው። መሥራቹ ቶኒ ዊልሰን በገዛ ደሙ ፈረመበት የሚባለው አጭር ወረቀት፣ ሁሉም ነገር የሙዚቀኞቹ እንደሆነና ኩባንያው ምንም እንደሌለው የሚገልጽ ነበር።

የአሳታሚው ዋና ባንድ ጆይ ዲቪዥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ድምፃዊው ራሱን ሲያጠፋ የቀሩት ሦስቱ ስሙን ትተው ኒው ኦርደር ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ፋክተሪ ሲከስር ሊገዛው የመጣ ትልቅ ኩባንያ፣ የኒው ኦርደር ሙዚቃ በውል ለአሳታሚው እንዳልተላለፈ ደረሰበት። ያ ወረቀት ሙዚቀኞቹን ከከሰረ ቤት አውጥቷቸዋል።

ነገር ግን ወረቀቱ የጻፈው ስለ ባንዱና ስለ አሳታሚው ነው። ስለ አባላቱ እርስ በርስ ግንኙነት የሚለው ነገር የለም። ቤዝ ተጫዋቹ ፒተር ሁክ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተለየ በኋላ ቀሪዎቹ በኒው ኦርደር ስም ቀጠሉ። በስሙ ገቢ ድርሻ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ክስ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 በስምምነት አለቀ። የሠላሳ ዓመት ጓደኞች በጠበቃ ተነጋገሩ ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ነፃነት የሚጀምረው ንብረትን በእጅ ከማድረግ ነው። ዋልያስ በመሣሪያ፣ ኒው ኦርደር በቅጂ መብት ይህንን አሳይተዋል። ሁለተኛው፣ ከውጭ ባለቤት ነፃ መውጣት ብቻውን ከውስጥ ጠብ አያድንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ከታሰረ በኋላ ግን አንበሳው የማን ነው? ስለዚህ አባባላችን ምንም አይለንም።

ሕጋችን ምን ይላል?

ወደ ሸሕዲ ልጆች ጥያቄ እንመለስ። ‹‹ባንድ›› የሚባል ነገር በሕጋችን ውስጥ ራሱን ችሎ የለም። አራት ሰዎች ተሰብስበው ትርፍ ለመካፈል ሲሠሩ፣ ቢበዛ በንግድ ሕጋችን የእሽሙር ማኅበር ተብሎ ሊታይ ይችላል። የእሽሙር ማኅበር ደግሞ ሕጋዊ ሰውነት የለውም። በስሙ መክሰስ፣ መከሰስ፣ ንብረት ማፍራት አይችልም። ስለዚህ ጥያቄውን በአራት ከፍሎ ማየት ይሻላል።

አንደኛው መሣሪያው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ዕቃን በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤቱ እንደሆነ ይገምታል። ኪቦርዱ ሆቴሉ ውስጥ ካደረ፣ ደረሰኙም በሆቴሉ ስም ከሆነ፣ ክርክሩ ገና ሳይጀመር አብቅቷል። በሌላ በኩል አራቱ በጋራ ከገዙትና ድርሻቸውን ካልጻፉ፣ ሕጉ እኩል ድርሻ እንዳላቸው ይገምታል። አንዱ ሰሊጥ ሸጦ ብዙ ያዋጣ፣ ሌላው ሳንቲም ያላወጣ ቢሆንም እንኳ።

ሁለተኛው ስሙ ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ጥበቃውም ለሰባት ዓመት ሆኖ ሊታደስ ይችላል። ስም ያወጣ ሳይሆን ስም ያስመዘገበ ነው የሚቀደመው። በእርግጥ በተንኮል የተደረገ ምዝገባን መቃወሚያ መንገድ አለ። መንገዱ ግን ከሸሕዲ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ ነው።

ሦስተኛው ሥራው፣ ማለትም ዜማው፣ ግጥሙና ቅንብሩ ነው። እዚህ ላይ ሕጋችን ለሙዚቀኛው ያደላል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሥራው የጋራ ከሆነ 50 ዓመቱ የሚቆጠረው ከመጨረሻው አባል ሞት ነው። መብቱን ለሌላ ማስተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት። ነገር ግን ሥራው በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ስለሆነ፣ የሆቴል ባለቤት ‹‹ደመወዝ ከፍያለሁና ዜማው የኔ ነው›› ብሎ ሊከራከር ይችላል።

አራተኛው ክዋኔው ነው። ይህ ብዙ ተጫዋቾች የማያውቁት መብታቸው ይመስለኛል። ድምፃዊው ብቻ ሳይሆን ቤዝ ተጫዋቹም ማሲንቆ መቺውም በሕጉ ዓይን ‹‹ከዋኝ›› ናቸው። ክዋኔያቸው ሲቀረጽና ሲሰራጭ የራሳቸው የ50 ዓመት መብት አላቸው። የአዋጁ ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ በጋራ አስተዳደር ማኅበር አማካይነት የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበሰብበትን መንገድ ከፍቷል። በእኛ አገር ግን አልበም ሲወጣ የሚታወቀው የዘፋኙ ስም ነው። ባንዱ ሽፋኑ ጀርባ ላይ በትንሽ ፊደል ይጻፋል፣ አንዳንዴም ይረሳል።

እንግዲህ ሲጠቃለል ሕጉ የሚለው ይህ ነው። ባለቤቱ ኪቦርዱን ይውሰድ። ልጆቹ ክዋኔያቸውንና በቅጥር ያልሠሩትን ዜማ ይዘው ይወጣሉ። ስሙ ግን መሀል ሜዳ ላይ ቀርቷል፣ ቀድሞ ያስመዘገበ ያነሳዋል።

‹‹ውል ፍቅር ያበላሻል››

ይህንን ለወጣት ሙዚቀኞች ስነግር የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው። ‹‹እኛ ወንድማማቾች ነን፣ ውል ፍቅር ያበላሻል።›› አነጋገሩ ከንቱ ነው ብዬ አልንቀውም። አብሮ የሚለማመድ፣ አብሮ የሚርበው ሰው በመጀመሪያው ቀን ‹‹ስንለያይ›› የሚል አንቀጽ መጻፍ ይከብደዋል። ሙሽሮችን በሠርጋቸው ዕለት ስለ ፍቺ እንደማነጋገር ነው።

ነገር ግን የፍርድ ቤት መዛግብት የሚነግሩን ሌላ ነው። እኔ ያየኋቸው የወንድማማቾች ክርክሮች የተነሱት በውል ምክንያት አይደለም። ውል ባለመኖሩ ነው። ገንዘብ ሳይኖር ሁሉም ወንድም ነው። ገንዘብ ሲመጣ እያንዳንዱ በልቡ የያዘው ውል ይገለጣል፣ የአራቱ ልብ ደግሞ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም።

ሌላው የሚነሳው መልስ ‹‹አስተዳዳሪ ካለ ይበቃል›› የሚል ነው። ለዚህ ጃኖ ባንድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጃኖን ያሰባሰበው አዲስ ገሠሠ በዘርፉ ልምድ ያለው ሰው ነው። ከወንድሙ ከዘለቀ ገሠሠ ጋር የዳሎል ባንድን ጉዞ ያውቃል። ዳሎል እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣውና ግራሚ ባሸነፈው የዚጊ ማርሊ ‹‹ኮንሸስ ፓርቲ›› አልበም ላይ ያጀበ የኢትዮጵያውያን ባንድ ነው። ጃኖም እ.ኤ.አ. በ2012 በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት ‹‹ኤርታሌ››ን ይዞ ሲመጣ፣ ሮክን ከቅኝቶቻችን ጋር ያዋሃደ፣ በአራት ድምፃውያን የሚመራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዘፋኝ ስም ሳይሆን በባንድ ስም የሚጠራ ቡድን አየን። ጥሩ አስተዳደር ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሳይቷል። ነገር ግን ለሸሕዲም ለደብረ ማርቆስም ለደሴም እንዲህ ያለ አስተዳዳሪ አይገኝም። እነዚህ ከተሞች ያላቸው ወይ የባህል ቢሮ የኪነት ቡድን ነው፣ ወይ የሆቴል ባለቤት ነው። የመጀመሪያው የክብር ዘበኛን፣ ሁለተኛው የቬነስን ዘመን ይደግማል። ሦስተኛውን፣ የዋልያስን መንገድ፣ ልጆቹ ራሳቸው መቀየስ አለባቸው።

መንገዱም ውድ አይደለም። ሁለት ገጽ ወረቀት ይበቃል። መሣሪያው በማን ገንዘብ እንደተገዛና ድርሻው ስንት እንደሆነ፣ ስሙ የሁሉም እንደሆነና አንድ አባል ሲወጣ ከማን ጋር እንደሚቀር፣ ዜማና ግጥም የሠራ ሰው ምን እንደሚያገኝ፣ ገቢ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ አለመግባባት ሲነሳ ማን እንደሚዳኝ። አምስት ነጥብ ነው። በሕጋችን በሕግ አግባብ የተመሠረተ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል። እነዚያ ልጆች ፓርላማ ሳይገቡ ሕግ ማውጣት ይችላሉ ማለት ነው።

የክልልና የዞን ባህል ቢሮዎችም ድርሻ አላቸው። በየበዓሉ ለመድረክ ከሚያወጡት ገንዘብ ቀንሰው ለወጣት ባንዶች መሣሪያ መግዣ ብድር ቢያመቻቹ፣ የናሙና ውል አሳትመው ቢያድሉ፣ የስም ምዝገባን ከአዲስ አበባ ውጭ ቢያቀርቡ፣ ከአሥር ፌስቲቫል የበለጠ ይሠራል። የጥብቅና ባለሙያዎችም ነፃ አገልግሎት ስንሰጥ ሙዚቀኛን አስታውሰን አናውቅም።

የመጨረሻው ነገር

የዚያን ማታ በሸሕዲ ለልጆቹ በክስ መዝገቤ ጀርባ ላይ እነዚያን አምስት ነጥቦች ጻፍኩላቸው። ድምፃዊው እያነበበ፣ ‹‹ጋሼ፣ ይሄ እኮ እንደ ጋብቻ ነው›› ብሎ አሳቀን። በዓመቱ ኪቦርድ ተጫዋቹ ደወለልኝ። ሁለቱ በሰሊጥ አጨዳ፣ ሁለቱ በሠርግ ጨዋታ ያገኙትን አዋጥተው ከጎንደር አንድ ኪቦርድ ገዝተዋል። ‹‹ደረሰኙ ላይ አራታችንም ስማችን አለ›› አለኝ። የሙዚቃውን ነገር አላወራኝም። ያወራኝ ስለ ደረሰኙ ነው።

ከዚያ ወዲህ በ2015 ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ፈነዳ፣ በመተማ በኩል ስደተኛ ጎረፈ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ክልላችንም ወደ ግጭት ገባ። ስልኩ አይነሳም። ባንዱ ይኑር ይበተን አላውቅም። ኪቦርዱ የትም ይሁን የት ግን ባለቤቶቹ እነማን እንደሆኑ የሚናገር ወረቀት አለ። ዛሬ ሌላ ቡድን ልመሥርት የምትሉ ወጣቶች ካላችሁ፣ ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት አንድ ማታ ሰብሰብ ብላችሁ ያችን ጥያቄ ተጠያየቁ። ባንዱ የማን ነው? መልሱን ጻፉት፣ ፈርሙበትም። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ተጫወቱ።

ቸር እንሰንብት።